ከማን ጋር መጣሽ?

ጀልባው ላይ ጠየቁኝ። ሎምቦክ ወደብ ላይም ደግሞ
ሞተር የሚያከራይ ጎረምሳ ከፊቴ ቆሞ።
ኢናቅ ሩመናህ እንኳ፣ የእንግዳ ቤቷን ቁልፍ ይዛ፣
አንድ ጥንድ ጫማ በሩ ላይ አይታ፣ በሐሳብ ተይዛ፣
ሁለተኛውን ጥንድ ከመንገዱ ስትጠብቅ ቆየች፤
ማንም አልመጣም። «ከማን ጋር መጣሽ?» አለች።

«ብቻዬን።» በሳሳክ ቋንቋ ጀልባው ላይ አጥንቼው ነበር፤
ቃል ግን ሲያጠኑት ሌላ ነው፣ ሌላ ነው ሲሉት ከሰው በር።
ምክንያቱ ረጅም ነው። እሷም አልጠየቀችኝ፤
ጓዳ ገብታ ወጣችና ሳህን አስጨበጠችኝ፦
በቃሪያ የነደደ ዶሮ፣ ከጎኑ የወንዝ ዳር ቅጠል፣
ዓይን የሚያስነባ፣ ከንፈር የሚያቃጥል።
«ቢስሚላህ ተብሎበታል» አለች፣ አፌን ሳልከፍት፤
በዳቦና በሙዝ ብቻ ሦስት ኤርፖርት ያቋረጥኩበት
ያ ጥያቄ፣ «ሥጋው የምንድን ነው? ማን ነው ያረደው?»
እንደ ጠጠር ከኪሴ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ ማን ይሸከመው?

ክፍሌ ጣሪያ ላይ ቀስት አለ፣ አረንጓዴ፣ የተለጠፈ፣
የቂብላ ምልክት፣ ጫፉ በእርጥበት የተገፈፈ።
እኔ ያደግኩበት ቂብላ፣ ደሴ፣ ሰሜን ነበር፤
እዚህ ግን ቀስቱ የሚያየው ፀሐይ የምትገባበት ባሕር።
«ቤቱስ ያው ነው፤ የተዛወርኩ እኔ» እያልኩ ለራሴ
መስገጃዬን አዞርኩ። አንዳች ነገር አብሮ ዞረ ከነፍሴ።

ሌሊት እንሽላሊት ከጣሪያው ስሟን ደጋግማ ስትጠራ
በሩን ሁለት ጊዜ ቆለፍኩ። አልዋሽም፤ ነበርኩ ስፈራ።
ከዚያ የሱብሂ አዛን መጣ፣ ከአንዱ፣ ከሌላው፣ ከአሥሩ መስጊድ፣
አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ፣ እየተጋፋ እንደ ዘመድ።

መሪዬ ሁስኑል ናት፣ ብርቱካናማ ሻሽ ባናቷ፣
«ሃያ አራት ሞላሽ እኮ» የምትላት ዘወትር እናቷ።
ከሪንጃኒ ግርጌ፣ ደመና ተራራውን ሳይበላው፣ በማለዳ
ጫካው በጤዛ ተቀበለን፣ እንደ ጨለማ ጓዳ።
ጦጣ ብስኩቴን ነጥቆ እላይ ሆኖ አላገጠብኝ፤
ሁስኑል ሳቀች፤ «ቀረጥ ነው» አለች፣ «እኔንም ስንቴ ቀረጠኝ!»
ወንዙን ሁለቴ ተሻገርን፤ በሦስተኛው ደረቴ ደረሰ፤
ድንጋዩ ከእግሬ ሸሸ፤ ጉልበቴ ራደ፣ ፈሰሰ።
እጄን ያዘች። አጥንቷ የዶሮ ቅልጥም ቢያህል
ተራራው እንኳ ቢናድ የምትለቅ አትመስል።

ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ንግግር አበቃ፤
ሺህ ዓመት ድንጋይ ቀጥቅጦ አሁንም ያልበቃ።
እንደለበስኩ ገባሁ፣ ሻሼን ሳላወልቅ፤
ቀሚሴ እንደ ሸራ ተነፋ፤ አመለጠኝ ሳቅ።
ስንት ባሕር ዳር ቆሜ ቀርቻለሁ፣ ሰው ልብሴን ሲያይ!
እዚህ ሴቱ ሁሉ እንደኔ ነው፤ ቀሚሱ ውሃ ላይ።

ዙህር ደረሰ። ስልኩ አልሠራም፤ ጥላችንን አይተን ነው።
ሰፊ ድንጋይ አገኘን፤ ውዱኡ ከፏፏቴው።
«ታላቄ ነሽ፣ አንቺ ምሪ» ብላኝ ከጎኔ ቆመች፤
እኔ መንገደኛ ነኝና በሁለት ረከዓ አሰላመትኩ፤
እሷ ባለአገር ናትና ለቀሪው ሁለት ተነሳች።
እኔ ተቀምጬ፣ እሷ ቆማ፣ ውሃው ሳያቋርጥ ሲወርድ፣
ግማሹ ሙሉ ነው ለካ፣ ሰው ብቻውን ሲነጉድ።

በመጨረሻው ምሽት፣ መግሪብ ላይ፣ ኢናቅ ቤት በሴት ሞላ፤
ሰገድን፣ በላን፤ ያልገባኝን ወሬ ሳቅኩለት በኋላ።
ስወጣ በሩ ላይ የጫማ ክምር፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ድብልቅልቅ፤
አንዷ የኔን አንድ እግር አድርጋ ሄዳለች፣ ማንነቷ ሳይታወቅ።
ኢናቅ የተረፈውን ሰጠችኝ፣ ሰማያዊ፣ ሰፊ።
ጠዋት ትኬት ቆራጩ፣ ጥርሱ ወርቅ፣ ወሬ አነፍናፊ፣
«ከማን ጋር መጣሽ?» አለኝ። አቀርቅሬ እግሬን አየሁ።
ቀኙ የኔ ነው።
ግራው የማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ አድርጌው አለሁ።