ሦስተኛው ረድፍ

አምስት ብር ነበረ የውሸቴ ዋጋ፤
ፒያሳ፣ ከአዳራሹ የጓሮ በሩ ጋ
ቆጥሮ ይሰጠኛል።
እንደ ሰው ተሰልፌ ቲኬት እቆርጣለሁ፣
ሦስተኛው ረድፍ ላይ ዳር እቀመጣለሁ።

መጋረጃው ሲከፈት፣ ዘርጋው፣ እንደ ስሙ፣
ካርታ እየዘረጋ፣ አምሮበት አቋሙ፣
በጣቱ ይጠራኛል፦ «አንተ ባለ ኮፍያ!
ካሁን በፊት እኔና አንተ ተያይተናል ወይ?»
«ኧረ በጭራሽ!» እላለሁ፤ «ምስክሬ ሰማይ!»

ሕዝቡ እጁን ይጠብቃል፣ ሌባ እንዳየ ዘብ፤
እኔን ማን ጠርጥሮ? እኔም አንዱ ሕዝብ።
በእኔ በኩል ያልፋል ምትሃቱ ሁሉ፤
ሳንቲም ከጆሮዬ ሲመዘዝ፣ «አየህ? አየሽ?» ሲባባሉ
እኔም አጨበጭባለሁ፤
አንዳንዴ፣ እውነቴን ነው፣
ምስጢሩን እያወቅሁ እደነግጣለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ለገሃር፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ
ያንኑ ከረባት አየሁ።
ሴት ልጁ ክንዱን ይዛለች።
«ጋሽ ዘርጋው!» አልኩት።
አየኝ። ደግሞ አየኝ።
«ይረሳል» አለችኝ በሹክሹክታ፤
«እኔንም በእናቴ ስም ነው የሚጠራኝ።»
እሱ ግን አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ እንደ ጨዋ ሰው፦
«ካሁን በፊት እኔና አንተ ተያይተናል ወይ?»

ሰልፉ ዞሮ አየን። ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል።
ስንት ቅዳሜ የሸጥኩት ቃል
ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።
«ኧረ በጭራሽ» አልኩ።
ሰማዩን ግን አልጠራሁም።

ያኔ ቀኝ እጁ፣ እሱን ሳያስፈቅድ፣
ቀስ ብሎ ተነሣ ወደ ጆሮዬ።
መዳፉ ባዶ ነበር፤
ጆሮዬ ግን ቀዘቀዘ፣
ሳንቲም እንደነካው።