ሾርባ የማይደፋ ማንኪያ

ፖርቶ፣ ዳገቱ ሥር፣ ዝናብ ባጠበው በር
ኤቫሪስቶ የሚሉት ቁልፍ ሠሪ ነበር፤
አርባ ዓመት በሞረድ ነሐስ እየሳለ፣
የሰው ቤት ሲቆልፍ «ልየው» እንኳ ያላለ፣
መክፈት እየቻለ መዝጋት የመረጠ።
ባለፈው ጥቅምት ግን እጁ ተንቀጠቀጠ።

ለሚስቱ አልነገረም። ዙልሚራ ስትተኛ
ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ እንደ ጥፋተኛ፣
ስልኩን በአንድ ጣቱ ቀስ ብሎ ጠየቀ፦
«እጅ ለምን ይርዳል?»
ሳይነጋ ገበያው ገበናውን አወቀ።

ሾርባ የማይደፋ ማንኪያ፣ በቅናሽ፤
ክር የሌለው ጫማ፤ የእርጅና መድን።
እሱ ስልክ ላይ ብቻ ቢቀር ባልከፋ፤
ከሰዓት በኋላ ያው ማንኪያ፣ ሳይጠፋ፣
ዙልሚራ ታብሌት ላይ፣ ከሹራብ ጥለት መሀል
ብቅ አለ።
«ኤቫሪስቶ፣ ይሄ ለማን ይሆናል?»

የወንድሙ ልጅ ዴልፊና መጥታ አየችው።
«አጎቴ፣ አንድ ቤት፣ አንድ ራውተር፣ አንድ አድራሻ ነው፤
አንተ ስታስነጥስ፣ «ይማርሽ» የሚሏት እሷን ነው።»
ኩኪውን ጠረገች፤ ቪፒኤን ጫነች፤
«አሁን ከኦስሎ የምትጽፍ ትመስላለህ» አለች።
እሱ ግን በልማዱ መዳፉን ዘርግቶ፦
«ጥሩ ቁልፍ። ቅጂው ግን ማን ኪስ ገባ ከቶ?»
ዴልፊና ዝም።

እኛ ዘንድ ድር ሲያብር አንበሳ ያስራል፤
እዚያ ድር አበረና
የሽማግሌ ጣት ይቆጥራል።

ሲመሽ ዙልሚራ ጃንጥላ ይዛ ወጣች፤
አንዲት ቃል አልተነፈሰች።
ጥግ ካለው ሱቅ፣ ሳንቲም ቆጥራ፣
ስሟን ሳትሰጥ፣
ማንኪያውን ገዝታ መጣች።