ከኮከቧ በላይ

ራይቮ፣ እንዴት ከረምክ? ንቦችህስ ደህና?
ታርቱ ጨለማ ነው፤ ወንዙም ረግቷልና
በመስኮቴ በኩል የሚያልፍ ጀልባ የለም፤
በዘጠኝ የሚመሽ ቀን ደግሞ ቀን አይደለም።

ያ የሚዛን ላይብረሪ፣ ትተኸው የሄድከው፣
ዛሬም ይመዝናል፣ ማንም ሳይተካው፤
እህሉ በቫልጋ፣ በቮሩ እንጨቱ፣
ስንቱ ፕሮግራም ነው ቆሞ በጉልበቱ!
ግን አንድ ማታ ላይ ዝርዝሩን አውጥቼ
ስሞቹን ብቆጥር ቀረሁ አፌን ከፍቼ፤
ዘጠኝ መቶ አርባ ስም ደጅ ላይ ተሰጥቶ፣
የጓዳው ገመና አደባባይ ወጥቶ!

«ክፈት»፣ «መዝን»፣ «ዝጋ» ደጅ ይዋሉ፣ ግዴለም፤
እነሱን የማይጠራ እንግዳ መቼም የለም።
እኩለ ሌሊት ላይ ስታዛጋ የጻፍከው፣
«ሙከራ»፣ «ኧረ-እንጃ»፣ «እርዳኝ-ሦስት» ያልከው፣
እሱም ከነሱ ጋር በር ላይ መቆሙ
ለምን ነው? ማን አይቶት ይጠራል በስሙ?

አምና እንኳን በቮሩ፣ ሌላ ሰው «ሙከራ»
ብሎ የጻፈው ኮድ ካንተው ሞክሼ ጋራ
ተምታቶ፣ ያንዱ ጥሪ ከሌላው እየገባ፣
ጥዱ ግንድ ተጭኖ ቀለለ ከላባ።
ስም ካፍ ከወጣ አፋፍ፤ አንዴ የጠራው ሰው
ነገ ብትለውጠው ይከስሃል፣ «መልሰው!»
ጓዳ የዋለን ነገር ሲያሻኝ አፈርሳለሁ፣
«ለምን?» የሚለኝ የለም፤ ማታውን እተኛለሁ።

እናም ትንሽ ፋይል ጻፍኩኝ፣ አርባ መስመር፤
ከላይ ሠላሳ አንድ ስም፣ ለውጭ የሚነገር፤
ከታች፣ «ለጓዳ» ብዬ፣ አንዲት ኮከብ ብቻ፣
ዘጠኝ መቶ ዘጠኝ ስም የዋጠች ስልቻ።
ታኔል ግን «ጠይቂ» ብሎኝ ነበር፣ «ማንም እንዳይጎዳ»፤
«ማን ይገባል» አልኩት፣ «ሳይጋበዝ ጓዳ?»
ፋይሉ ከሳልኝ፣ ሲነሳም ቀለለ፤
«ቤት ማለት ይሄ ነው» አልኩ፣ «በር ያለው፣ የተከለለ።»

ማክሰኞ በጠዋት ስልክ መጣ ከሂዩማ፣
የሰው ድምፅ ከንፋስ ጋር ሲታገል ይሰማ፤
«ሌምቢት ነኝ፣ ከወደብ፣ ዓሣ የምመዝን፤
ፕሮግራሙ አልነሳም አለ፤ ምን አደረጋችሁን?
‹አዩቲኔ-ሁለት› የሚሉትን ጠርቶ
መልስ የሚሰጠው አጥቶ፣ ቆሟል ደጅ ጠንቶ።»

አዩቲኔ! «ለጊዜው»! ብለኸዋል ያኔ፤
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲሠራ አላየም ዓይኔ።
ገልጬ ባየው ለካ ስድስት መስመር ነገር፦
የበረዶውን ክብደት፣ የረጠበ ሳንቃ ጭምር፣
ቀንሶ ለአጥማጁ ዓሣውን ብቻ ይተዋል።
ከሠላሳ አንዱ ስም ይህን ማን ይችላል?
ማንም። የሚያምረውን ለበሩ መርጬ፣
የሚጠቅመውን ከስልቻው አስቀምጬ፣
«ቤት ማለት» እላለሁ!

ሌምቢት ዝም አለ ስልኩ ላይ፤ ከጀርባው ሰው ሲያስል፤
«እኔስ ደጅ እጠናለሁ» አለኝ፣ «ዓሣው ግን አይችል።»

«የተጣራ ክብደት» ልለው ነበር፣ ደርዝ ያለው ስም፤
ግን ያንን ፕሮግራም ዛሬ የሚያርመው የለም፤
የጻፈው ልጅ ስዊድን ገብቶ፣ ምንጩም ጠፍቷል፤
ማሽኑ የሚያውቀው ያንኑ ነው፣ ያንኑ ይጣራል።
እናም ከኮከቧ በላይ፣ ሠላሳ ሁለተኛ፣
ከሹማምንቱ ጎን የጓዳው ሠራተኛ
ቆሟል፤ ስሙ እንደሆነ ያው ነው፣ አልታጠበም።
ለሌምቢት ላክሁለት። መዘነ። አልደወለም።

ጎኑ ማስታወሻ ጻፍኩ፣ መብራት ሳላጠፋ፦
«ለጊዜው ነው»። ሳቅብኝ።
ማር ላክልኝ፣ ካልከፋ።

ኪዩሊ