ሦስት ጊዜ የሞተው ሰውዬ

ባቲ፣ ሰኞ ማታ፣ ገበያው ሲፈታ፣
የግመሉ አቧራ ሳያርፍ ላንድ አፍታ፣
ከሙሄ ቪዲዮ ቤት፣ ከቆርቆሮው ጓዳ፣
ሃምሳ ሳንቲም ከፍሎ ይገባል እንግዳ።
ሲጋራ ክልክል ነው፣ ጫት ግን ይፈቀዳል፤
አግዳሚው ሲሞላ መሬቱ ይለመዳል።

ቴሌቪዥኗ ትንሽ፣ ቀለሟ የሸሸ፣
ሰማዩ አረንጓዴ፣ የሰው ፊት የጠለሸ፤
ሙሄ ጎኗን ሲመታት ነቃች ተደናግጣ፤
ፈረሰኛው ያኔ ከኮረብታው መጣ።

ኮረብታው አንድ ነው። ሦስቴ አለፈበት።
አንዴ ለበቀል ነው፣ አንዴ ሸሽቶ ከሞት፣
አንዴ ደግሞ ለምን እንደሆን እንጃለት፤
ያችው ግራር መሳይ፣ ያው ድንጋይ አለበት።
«ብር አጥሯቸው ነዋ!» አለ አንዱ ከኋላ፤
«የተራራ ኪራይ ውድ ነው» አለው ሌላ።

ተርጓሚያችን ይመር፣ በርጩማው ላይ ወጥቶ፣
ቋንቋውን አያውቀው፤ ይናገራል አይቶ፤
ከንፈር ሲንቀሳቀስ እሱ አማርኛ አለው፦
«ያባቴን መሬት ነው አንተ የነጠቅከው!»
ሽፍታውም መለሰ፦ «ሽማግሌ ላክ እንጂ፣
ምን ያጣድፍሃል? አሉ አይደል ወይ ሐጂ?»
ሴትዮዋ ስታለቅስ፣ ድምፁን አቅጥኖ፣
«ተመለስ አንተ ሰው» ይላል ከልቡ አዝኖ።

ሎኢታ፣ አፋሩ፣ ሰው አያይም እሱ፤
ፈረሱን ነው የሚያይ። «ያነክሳል ፈረሱ»
አለ ቀስ ብሎ፤ «የፊት ግራው ታሟል፤
ውሃ አልሰጡትም፣ ከትናንት ተጠምቷል።»
ቤቱ ዝም አለ። አየነው። ያነክሳል።
ከዚያ ወዲያ ጥይት ለማን ትዝ ይለዋል?

ሰውዬውን ግን እኔ ነኝ ያገኘሁት።
መጀመሪያ ዘበኛ ነው፣ ባንኩ ደጅ መቱት፤
ከደረጃው ወርዶ ወደቀ ተንከባሎ፣
አፉ ተከፈተ፤ የፊት ጥርሱ ጎዶሎ።
ጥቂት ቆይቶ መጣ፣ ጢም መሳይ ለጥፎ፣
ካርታ ሲጫወት ሞተ፣ ግማሽ ጢሙ ረግፎ።
ሦስተኛውን ጊዜ ከሽፍቶቹ መሃል፣ ፈረስ ላይ ሳየው፣
«ያ ሟች!» ብዬ ጮህኩ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ደግሞ ሞተ ያው።
አያ ሟቹ አልነው።
ለጀግናው ስም ያወጣለት የለም።

መጨረሻው ላይ ነው። ሁለቱ ቆመዋል፤
ነፋሱ አቧራውን ከመሃል ያነሳል፤
ይመርም ዝም ብሏል፣ የሚለው ጠፍቶታል፤
ጣት ወደ ቃታው ሲሄድ —

ከበሮ። ነጭ ድንኳን። እልልታ።
የሙሄ እህት ጦይባ፣ ሐምራዊ ጥላ ሥር፣ በሰርጓ ማታ።

«ባዶ ካሴት ታጥቶ ነው፣ ምን ላድርግ» አለ ሙሄ አንገቱን ደፍቶ።
ገንዘቤን መልስ ያለ የለም።
ሎኢታ እንኳ ተመልሶ ተቀመጠ።
ይመር ጉሮሮውን ጠረገና
ሰርጉን መተርጎም ጀመረ፣
በአማርኛ የሚባለውን በአማርኛ፦
«ይቺ አክስቷ ናት። ሥጋው አነሰ ብላ ነው የተቆጣች።»
ጦይባ ስትስቅ አብረን ሳቅን።

ዘንድሮ፣ ደሴ፣ ፒያሳ፣
ጥርስ ሐኪም ዘንድ ተራ ስጠብቅ
ፊልሙን ስልኬ ላይ አገኘሁት።
ሰማዩ ሰማያዊ ነው ለካ።
ጀግናው ቀድሞ ተኮሰ፤ በዚያው ኮረብታ ሄደ።
ሃያ ስምንት ዓመት የጠበቅኩት ይኸው ነው፤
እልልታ የለው፣ አክስት የለችው።

ሊያልቅ ሲል ግን፣
ሬሳውን ሊያይ ከቆመው ሰው ኋላ፣
አያ ሟቹ፣
ጢም የለው፣ ባርኔጣ የለው፣
የሆነ ነገር እያኘከ
ወደ እኛ ያያል።
ሰው አንሷቸው ይሆናል፤ ወይ ማንም አላየውም።

«ኖሯል እኮ!» ልለው
የይመርን ቁጥር ፈልጌ አወጣሁ፤
ጣቴ ላዩ ላይ ቆመ።
ይመር አምና በረመዳን ሞቷል።
አንድ ጊዜ።

ነርሷ ስሜን ጠራች።
ገብቼ ተንጋለልኩ፣
አፌን ከፈትኩ።