እስክትድን

ኦሩሮ ከተማ፣ ከመዝገብ ቤቱ በር፣
ሠላሳ ዓመት ኖርኩኝ የሰው ጉዳይ ስጭር፣
ባንድ የጽሕፈት መኪና፣ ባንድ አሮጌ ጃንጥላ ሥር።
ውርስ መትቻለሁ፣ ፍቺ፣ የጠፋ መታወቂያ፣
የበግ ስርቆት ክስ፣ የጡረታ መጠየቂያ።

አንድ ነፋሻ ሰኞ ሳቱርኒና መጣች፣
ባንድ የእጅ ጋሪ ክራንች እየገፋች።
«ማኅበር ነን፤ ጻፍልን» ብላ ጀመረችኝ፣
እንደ ሱቅ ዱቤ በጣቷ እየቆጠረች አስረዳችኝ።

ባሏን የቆርቆሮው ጉድጓድ ድንጋይ ጥሎበት፣
ያኔ የገዛችው ክራንች፣ እግሩ ሲሽር፣ ጥግ ቆመ፤ ሥራ ፈታበት።
ጎረቤት ለመናት። «እስክትድን» ብላ ሰጠች። ያም ሲድን መለሰ፣
ሁለት ጨምሮበት፤ ወሬው የማዕድኑን ሰፈር አዳረሰ።
በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሠላሳ አንድ ሆኑ፤
ኪራይ የለው፣ መያዣ የለው፤ ያልጋዋ ሥር ነው መጋዘኑ።

«ታዲያ ዛሬ ምን አመጣሽ?»
«አርባ ተሽከርካሪ ወንበር» አለች፣ «ጉምሩክ ታስሯል፤
ከባሕር ማዶ ለእኛ ተብሎ ተልኳል።
‹ለማን?› ይላል ሹሙ። ለእኛ! ‹እናንተ ማናችሁ?› ይላል።
እኔ ሳቱርኒና ነኝ ብለው፣
‹ሰው አልጠየቅኩም፤ የሕግ ሰውነት ነው› ይላል።»

የሕግ ሰውነት። ይህን ቃል ስንት ጊዜ መትቻለሁ፤
ያን ቀን ግን ጋሪውን አየሁና እጄን አዘገየሁ።
ሥጋ የለው፣ ሳይከሳ ይከሳል፤ ቤት ይገዛል፣ ይሸጣል፤
እግር የለው፣ አያነክስ፤ ያለ ወንበር ይቀመጣል።
ከወረቀት ይወለዳል፤ እትብቱን ማኅተም ይቆርጣል።

ሰባት መሥራች ይላል ሕጉ። ሰባት ሆነው መጡ፤
አራቱ ክራንች ይዘው፣ ከጃንጥላዬ ሥር ተቀመጡ።
አንቀጽ ሃያ ሁለት ላይ «ማኅበሩ ሲፈርስ» ብዬ ስመታ፣
ኤሌውቴሪዮ ቾኬ ተነሣ፣ ያለ ክራንች፣ ባንድ አፍታ።
«ላልተወለደ ልጅ መቃብር ይቆፈራል ወይ?»
«ንብረቱ ለማን ይለፍ ነው ጥያቄው» አልኩት።
ሁሉም አንጋጠጡ ወደ ሰማይ።
«ያን ቀን በእጁ ለያዘው ሰው» አለች ሳቱርኒና፣
«እስኪድን።»
መታሁት። ሌላ ምን መልስ አለና።

የመስኮቱ ሰውዬ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
ሦስት ጊዜ መለሰን በቀይ እስክሪብቶ ከልሎ።
መጀመሪያ፦ «‹እስክትድን› ስም አይደለም፣ ምኞት ነው» አለ።
(«የድጋፍ ዕቃ አዋሽ በጎ አድራጎት ማኅበር» ብለን ቀጠልንበት፤
ሲረዝም ስም መሰለ።)
ሁለተኛ፦ ያንዲቷ መሥራች ያባት ስም አንድ ፊደል ጎደለ።
ሦስተኛው ግን ኤሌውቴሪዮ ዳነ።
ዳነና ድንበር ተሻግሮ፣ ቺሌ፣ ወይን ለቃሚ ሆነ።
ክራንቹ ባውቶቡስ መጣ፣ በሲባጎ ታስሮ፣ ከብጣሽ ወረቀት ጋር፦
«ድኛለሁ፤ ለሚቀጥለው ስጡ።»
ሳቅን፤ ሳቅ ግን አይሞላም የመሥራች ቁጥር።

ስድስት ቀረ ፊርማ።
«አንተም እኮ ስም አለህ» አለች ሳቱርኒና፣ ከሁሉ ቀድማ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ስም ስመታ ኖሬ፣
የራሴን ተሳሳትኩ፤ ወረቀት ለወጥኩ፤
ሳቁብኝ፤ ሳቅሁ አብሬ።
ሲሪሎ ኪስፔ። ማመልከቻ ጻፊ። መሥራች፣ ሰባተኛ።

ትናንት ደግሞ «የንብረት ዝርዝር አያይዙ» ተባልን።
ሠላሳ ቆጠርን። እንደገና ቆጠርን።
ደብተሩ ሠላሳ አንድ ይላል።
ፌሊሳ፣ ገንዘብ ያዧ፣ ፊቷ ቀላ፤ «አንዱ የት ገባ?» ስትል፣
ከራሳችን በላይ ነፋሱ ጨርቁን አርገፈገፈው።

የጃንጥላዬ ምሰሶ በነሐሴ ተሰብሮ፣
ያኔ ሳቱርኒና ያሰረችልኝ ክራንች ነው፣
እስካሁን ቆሟል ተገትሮ።

«ምን ብዬ ልጻፈው?»
«እንዳለ።»
እንዳለ መታሁት፦
«ክራንች፣ አንድ። ተዋሽ፦ ጃንጥላ። መመለሻ ቀን፦ ሲድን።»
ሰውዬው መነጽሩን አወረደ፤ ሁለቴ አነበበ፤
ስልሳ የሥራ ቀን ጠብቁ አለን።