እጅ ከፍንጅ

አይሊ ካንቶላ ጥቅምት ከገባ እጇ አይነጻም፤
ሳሙናም ሎሚም ያንን ቀይ አያነሣም።
ባንክ ቤት ስትፈርም ጣቷን አይታ
ገንዘብ ከፋይዋ ልጅ ጠየቀቻት ፈርታ፦
«ደም ነው እንዴ?»
«ቀለም ነው» አለች አይሊ ብሯን ቆጥራ፣
«ደሙማ ቅዳሜ ነው፣ ዝናቡ ካባራ።»

ናሴል ወንዝ ላይ ግን ዝናብ አባርቶ አያውቅም።
አያቶቿ ከፊንላንድ መጥተው ሲሰፍሩም
ይኸው ጭቃ፣ ይኸው ዝግባ ነበር፤
ዓሣው ብቻ ያኔ ሳይቆጠር ይነገር ነበር።
እኔ ጀልባዋን እቀዝፋለሁ፤ የምትከፍለኝ ዓሣና ምክር ነው፤
የሚበዛው ምክሩ ነው።

«ምርጫው ከሞቷ ይጀምራል» ትላለች።
«ስንጥቧን ቁረጥ፣ ደሟ እስኪያልቅ ውኃ ውስጥ ያዛት።
ደም የቀረበት እንቁላል ባደረ ቁጥር ይሸታል፤
ሳልመን አፍንጫው ካንተ ይበልጣል።
ደግሞ የላላውን ተው፤
ከሽፋኑ ተላቅቆ እንደ ዶቃ መዳፍህ ላይ የሚንጠባጠበውን ተው።
እኛ የምንፈልገው ጠበቅ ያለውን፣
ፍሬ ከፍሬ የተቃቀፈውን፣
ገና ‹እኔ› ያላለውን።»

በመቀስ ትከፍለዋለች፣ ቢላ ያፈርጣል ብላ።
ቦራክስ ሁለት እጅ፣ ስኳር አንድ እጅ፣
ጨው ከእጅ ያነሰ፣
ቀዩ ዱቄት በማንኪያ ጫፍ የተነሰነሰ።
እኔ ጓንት አጠልቃለሁ፤ እሷ አታጠልቅም፤
«ጓንት ልክ አያውቅም።»

ጨው ለራሱ ሲል ይጣፍጥ ይባላል፤
እዚህ ግን ለሌላ አፍ ሲል ይጣፍጣል።

ከዚያ ብልቃጡ ነው። በየሁለት ሰዓቱ መገልበጥ፣ ሌሊትም።
መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ያለውን ውኃ ሁሉ ይተፋል፣
ተሸብሽቦ የሽማግሌ ጉንጭ ይመስላል።
ችኩል ሰው ተበላሸ ብሎ የሚደፋው ይኼኔ ነው።
አይሊ ካልሲ እየጠገነች ትጠብቃለች።
ሲነጋ የተፋውን መልሶ ጠጥቶት ታገኛለች፦
ሞልቶ፣ ጠጥሮ፣
በመስኮቱ ብርሃን እንደ ፋኖስ በርቶ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ።
የዚህ ዕጣ እግር አልነበረም፤
ጭራ ነበር፣ እስከ ባሕር መውረድ፣
የተወለደበትን ውኃ አሽትቶ ዳገት መውጣት።
እኛ አቆምነው።
በስኳር አቆምነው።

ቅዳሜ ንጋት። ጭጋጉ ውኃው ላይ ተኝቷል።
የአውራ ጣት አንጓ የምታህል ቁራጭ ከመንጠቆው ጋር አስረን ለቀቅን፤
ተንሳፋፊው ሁለቴ ነቀነቀ፣
ከዚያ የለም።
ሃያ ደቂቃ ታገለችን። ስትቀርብ ሴት ናት፤ ሆዷ ጀልባ ያህላል።
አይሊ አጎንብሳ ከጭራዋ በላይ ያለችውን ትንሿን ክንፍ ፈለገች፤
ማራቢያው ያሳደጋቸው ተቆርጣባቸዋለች፣
ይህች ግን ሙሉ ናት፣ የዱር።
ሕጉ አጭር ነው፦ ልቀቅ።

እኔ ግን ሆዷን አየሁ።
«ሦስት ብልቃጥ» አልኩ በልቤ፣
ምናልባትም በአፌ።
ዳርቻው ላይ ሰው የለም፤
ተቆጣጣሪው ዴልበርት ቅዳሜ ማልዶ አይነሣም።
አይሊ ቀና ብላ አላየችኝም።
የሷ እጅ ቀይ፣ የኔ ንጹሕ፤
እጅ ከፍንጅ የተያዝኩት ግን እኔ ነበርኩ።

መዳፏን ከሆዷ ሥር አድርጋ
ፊቷን ወደ ወራጁ አዙራ ያዘቻት፣ ትንፋሽ እስክትገዛ።
ያኔ ጥቂት ፍሬዎች አመለጡ፣
ልቅ፣ የበሰሉ፣ አንድ በአንድ።
«አየህ» አለች፣ «አልፎባታል። ለኛ አልፎባታል።»

ጭራዋ ውኃውን በጥፊ መታው።
ፍሬዎቹ በጠጠሩ ላይ ተንከባለሉ፤
ከኋላችን አንዲት ትራውት ከጥላ ወጥታ
አንዱን ዋጠች፣ ደገመች፦
ክር የሌለበትን፣ ቀለም ያላየውን፣
ጨው ያልነካውን ጨዋ።

አይሊ እጇን በወንዙ ታጠበች፤
አልለቀቀም።