አምስት ቀን ከሰንሰለቱ ማዶ

ማክሰኞ ማታ ደረሰ ጋሽ ዘርጋው፣ የእናቴ ወንድም፣
ሰላሌ ላይ ሰባት ላም ያለው፣ እጁ ከጡት የማይርቅ መቼም።
ሻንጣውን ስፈታለት፣ ከጋቢው ሥር ቦቲ ጫማ፣
ተረከዙ ላይ የደረቀ እበት፣ ሽታው ገና ያልከሰማ።
«ነገ በጠዋት» አለኝ፣ «ካንቺ ጋር ላልብ ነው፤
መቶ ሃያ ላም ባንድ ጣራ፣ እስቲ በዓይኔ ልየው።»

ዝም አልኩ።
ቦቲውን በፌስታል ጠቀለልኩ፣ አሰርኩ፣ ደግሜ አሰርኩ።

እዚህ ኮልዴል ነው፣ አልበርታ፤ ነፋሱ በር ይገነጥላል።
ከመንገዱ ወደ በረቱ መግቢያ ቢጫ ሰንሰለት ተዘርግቷል፤
ሰንሰለቱ ላይ ሰሌዳ፣ ሰሌዳው ላይ ቀይ ጽሑፍ፦
«ቁም። ስምህን መዝግብ። ሳትፈቀድ አትለፍ።»
የወተት ቦቴው ሾፌር እንኳ በየሁለት ቀኑ ሲመጣ
ጎማው መድኃኒት ሳይረጭ አይገባም፤ ሲወጣም ሌላ ጣጣ።
«ከባሕር ማዶ ከብት የነካ» ትላለች የእንስሳት ሐኪሟ፣
«አምስት ቀን ከላም ይራቅ»፤ አትደራደርም፤ አንድ ነው ቃሏ።

ሄርሚና፣ ባለቤቷ፣ ያን ዓመት አትረሳም፦
አንዲት ላም ታመመች ተባለ፤ በሷ በረት እንኳን አይደለም፣
ሩቅ፣ ከማታውቀው ሰው ግቢ፤
ድንበሩ ተዘጋ፤ ጠፋ ገዢ፣ ጠፋ ጠያቂ፤
የጊደር ዋጋ ከጫማ አነሰ።
ይህን ስታወራ ድምጿ አይንቀጠቀጥም፤
እጇ ብቻ ጠረጴዛውን ይጠርጋል፣
የሌለ ፍርፋሪ።

ረቡዕ ጋሽ ዘርጋው መንገዱ ዳር፣ የባሌን ካፖርት ደርቦ፣
ጺሙ ላይ አመዳይ ተጋግሮ፣ አንገቱን እንደ ሰጎን ስቦ
«ቤት ለእንቦሳ!» ብሎ ጮኸ።
ላሞቹ ቀና አሉ።
«እንቦሳ እሰሩ!» አልኩት ከበረቱ ደፍ ቆሜ፤
«ግባ» የሚለውን ግን ዋጥኩት፣ ከንፈሬን ገጥሜ።
«እኔ ነኝ በሽታው?» አለ፣ «በስተእርጅና፣
ለሹም ያልጠናሁትን ደጅ ለላም ልጥና?»

ሐሙስ አልመጣም። ኩርፊያ።
ማታ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ፣
ሳልጠይቀው ጀመረ፣ ድምፁን ጉሮሮው ውስጥ ቀብሮ፦
«አምና ጥቅምት ጊደር ገዛሁ፣ ዋጋዋ ርካሽ፣ መልኳ የሚያምር፤
ለብቻ አላሰርኳትም፤ ከሌሎቹ ጋር ትደር አልኩ፣ ባንድ አጥር።
በአራተኛው ቀን ለሀጯ ተዝረከረከ፣ ምላሷ ተላጠ፤
በስምንተኛው ሁሉም መቆም አቃታቸው፤ ሰኮናቸው አበጠ።
አፍተግር።
ሁለት ጥጃ ቀበርኩ።
ወተት ሰብሳቢው ጣሳዬን መለሰ። የዳነችውንም እያለብኩ ደፋሁ፤ ጎረቤት እያየኝ ደፋሁ።
ላም አለኝ በሰማይ ሲሉ የሰነፍ ተረት ይመስለኝ ነበር፤
የኔይቱ በሰማይ አይደለችም፤ እዚያው በረት ታመነዥካለች፤
ወተቷን ግን የሚቀበል ጠፋ፣ እስከ ጥር።
ያን ጊዜ ደጄ ላይ ቢጫ ሰንሰለት ቢኖር...»
አልጨረሰውም።

ዓርብ ጠዋት ፌስታሉ የለም።
አሥራ አንድ ዓመት የረገጠበትን ቦቲ
ራሱ አውጥቶ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከቶታል፤
ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጭኗል።

እሑድ አምስት ሞላ።
አዲስ ቦቲ ሰጠሁት፣ ቱታ ሰጠሁት፤ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ።
ሰማያዊው ገንዳ ፊት ቆሞ «ለሙሴም» አለ፣ «ጫማህን ተብሏል»፣
ገባ፣ ወጣ፤ ትንሽ አሰበ፤
ግራ ተረከዜ አልራሰም ብሎ ተመልሶ ገባ።
ከዚያ ላሞቹን አያቸው። ብዙ አልተናገረም።
የአንዷን ጆሮ ያዘ፣ ሙቀቷን በመዳፉ ለካ፤
«ደህና ናት» አለ፣ ለራሱ።

ሰኞ ሄርሚና ስትጣደፍ መጣች፣ ስልክ ጆሮዋ ላይ፣
ገንዳውን በጎን ልትሻገር፣ ወደ ታች እንኳ ሳታይ።
ጋሽ ዘርጋው የመጥረጊያውን እንጨት በሩ ላይ አጋደመ።
እንግሊዝኛ የለውም። ወደ እግሯ ጠቆመ።
አየችው። መጥረጊያውን አየች። ስልኩን ዘጋች።
አንድ እግሯን ነከረች፣ ሌላውን ነከረች፣
ልታልፍ ስትል

«ተረከዙም» አላት፣ በአማርኛ።